ለባለአክሲዮኑ በጥንቃቄ፣ ለበያጁ በችኮላ፦ የጋና የባሕር ነዳጅና ጋዝ ደንብ ሲነበብ

በአፍሪካ ባሕር ዳርቻ አገሮች ስለ ነዳጅና ጋዝ ከተጻፉት ሕጎች አንዱን ብቻ አንብብ ብባል የጋናን እመርጣለሁ። ስሙ ረዘም ይላል፤ «የነዳጅ ሥራዎች የአገር ውስጥ ድርሻና የአገር ውስጥ ተሳትፎ ደንብ» ይባላል፣ ቁጥሩ 2204። ፓርላማው በኖቬምበር 2013 አሳለፈው፤ በፌብሩዋሪ 2014 ሥራ ላይ ዋለ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ደንብን እንደ መጽሐፍ መገምገም ለአንዳንዱ እንግዳ ይሆን ይሆናል። ደንብ ግን ጸሐፊ አለው፣ የሚያስበው አንባቢ አለው፣ ስለ ዓለምም የሚያምነው ነገር አለው። ማንን በዓይነ ኅሊናው ይዞ እንደተጻፈ ከትርጓሜው ክፍል፣ ከሠንጠረዦቹና ከቅጣት አንቀጾቹ ይታወቃል።

የደረስኩበትን አስቀድሜ ልናገር። ይህ ደንብ ከባሕሩ በሚወጣው ሀብት ላይ ጋናዊ ባለሀብት ወንበር እንዲያገኝ በብርቱ ታግሏል። ለጋናዊው ሠራተኛና ለባሕሩ ዳር ነዋሪ ግን ያንኑ ያህል አልታገለም። ጉድለቱ ከአፈጻጸም ብቻ የመጣ አይደለም፤ በጽሑፉ ውስጥ ተቀምጧል፣ ገጽ እየገለጡ ሊያሳዩት ይቻላል።

ታሪኩ የሚጀምረው በ2007 ነው። ከጋና ምዕራባዊ ጠረፍ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ከጥልቅ ባሕር ወለል በታች፣ ኋላ ጁቢሊ የተባለው የነዳጅ መስክ ተገኘ። ዓመቱ ጋና የነጻነቷን 50ኛ ዓመት የምታከብርበት ስለነበረ ስሙም ከዚያው ወጣ። በዲሴምበር 2010 ፕሬዚዳንት ጆን አታ ሚልስ የመጀመሪያውን ምርት መረቁ። ነዳጁን የምታመርተውና የምታከማቸው ግዙፍ መርከብ በክዋሜ ንክሩማ ስም ተሰየመች። ለማምረቻነት የተለወጠችው ግን ሲንጋፖር ነበር። ብረቱ የተበየደው፣ ቧንቧው የተገጠመው፣ ኤሌክትሪኩ የተዘረጋው እዚያ ነው። በባሕር ላይ ነዳጅና ጋዝ ውስጥ ብዙ የሰው ጉልበትና ብዙ ሙያ የሚፈስሰው በግንባታው ዘመን መሆኑን ያወቀ ሰው፣ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። መርከቧ ጋና ስትደርስ ሥራው አብዛኛው አልቋል።

ደንቡ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የፖሊሲ ሰነድ በ2010 ተዘጋጅቶ ነበር፤ የነዳጅ ኮሚሽኑ በ2011 ተቋቋመ፤ አስገዳጁ ደንብ ግን የመጀመሪያው በርሜል ከወጣ ሦስት ዓመት ቆይቶ ጸደቀ። ለጁቢሊ የመጀመሪያ ምዕራፍ ግንባታ አልደረሰም ማለት ነው። ለቀጣዮቹ ግን ደርሷል። በ2016 ማምረት ለጀመረው የቴን መስክ የታዘዘችው ሁለተኛዋ መርከብ እንደ መጀመሪያዋ በሲንጋፖር ብትሰናዳም፣ አንዳንድ የብረት ክፍሎቿ በምዕራቡ የጋና የወደብ ከተማ በታኮራዲ ተሠርተው ተገጥመዋል። ይህ ለውጥ ጥቂት ነው ብዬ አላልፈውም። በኩባንያና በመንግሥት መካከል ግፊት ባይኖር ኖሮ ያ ብረት ታኮራዲ ባልተቆረጠ ነበር።

አሁን ወደ ጽሑፉ። ከጥንካሬው ልጀምር፤ ጥንካሬው እውነተኛ ነውና።

ደንቡ አንድ ኩባንያ ፈቃድ ለማግኘት ከመንግሥቱ የነዳጅ ኮርፖሬሽን ሌላ፣ ቢያንስ 5 በመቶ ድርሻ ያለው ጋናዊ ኩባንያ ይዞ እንዲቀርብ ያዛል። ዕቃ ወይም አገልግሎት ሊያቀርብ የሚመጣ የውጭ ድርጅት ደግሞ ከጋናዊ ኩባንያ ጋር የጋራ ድርጅት አቋቁሞ ቢያንስ 10 በመቶውን ይሰጣል። በጨረታ ላይ ጋናዊው ያቀረበው ዋጋ ከዝቅተኛው ከ10 በመቶ በላይ ካልበለጠና ብቃቱ ካለው ሥራው የእሱ ነው። እኩል ከሆኑ ብዙ የአገር ውስጥ ድርሻ ያለበት ያሸንፋል። ጠበቃው ጋናዊ መሆን አለበት። ገንዘቡ በጋናዊ ባንክ በኩል ያልፋል። መድኑ ወደ ውጭ ከመውጣቱ በፊት የአገሪቱ የመድን ተቆጣጣሪ ይጠየቃል። እነዚህን አንቀጾች ሳነብ የጸሐፊዎቹ እጅ አልተንቀጠቀጠም እላለሁ። በነዳጅ ንግድ ውስጥ ገንዘብ በየት በየት በኩል እንደሚያፈተልክ ያወቁ ሰዎች ናቸው፤ መድኑን፣ የሕግ ምክሩን፣ የባንክ ሒሳቡን አንድ በአንድ ዘግተውበታል። ብዙ አገሮች ስለ ነዳጅ ሲያወጁ የሚናገሩት ስለ ጉድጓዱ ብቻ ነው። በጉድጓዱ ዙሪያ የሚሰበሰበው የወረቀት ሥራ የራሱ ትልቅ ገበያ መሆኑን ጋና አይታለች።

ሌላው የማደንቀው የስም ባለቤትነትን የሚቀጣው አንቀጽ ነው። አንድ ጋናዊ ለውጭ ድርጅት ሽፋን ሆኖ ኮሚሽኑን ካታለለ ቅጣቱ ከ100,000 እስከ 250,000 የቅጣት ክፍል ይደርሳል፤ አንዱ ክፍል 12 ሴዲ ነው፣ ስለዚህ ከ1.2 ሚሊዮን እስከ 3 ሚሊዮን ሴዲ። እስራትም አለበት። ድርሻ በሕግ በተወሰነበት ቦታ ሁሉ ስሙን የሚያከራይ ሰው ይፈጠራል። ደንቡ ይህን አስቀድሞ ማሰቡና አድራጎቱን በወንጀልነት ፈርጆ መጻፉ ከብዙ ተመሳሳይ ሕጎች ያስበልጠዋል።

እንግዲህ ችግሩ። የደንቡ ልብ ያለው በትርጓሜ ክፍሉ ነው። እዚያ የአገር ውስጥ ድርሻ ማለት በነዳጁ ሥራ ሰንሰለት ውስጥ የሚገቡት በአገር ውስጥ የተገኙ ቁሳቁሶች፣ ሠራተኞች፣ ገንዘብ፣ ዕቃና አገልግሎት መጠን ወይም መቶኛ ሆኖ፣ በገንዘብ ሊለካ የሚችለው ነው ይላል። በገንዘብ ሊለካ የሚችለው! ይህች ሐረግ የቀረውን ሁሉ ትመራለች። ገንዘብ መለካት ቀላል ነው፤ ደረሰኝ አለው፣ ሒሳብ አለው። ሙያ ግን ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ደረሰኝ የለውም። አንድ ወጣት ኢንጂነር ከአንድ አዛውንት ፈረንሳዊ ወይም ህንዳዊ ባለሙያ ጎን ሦስት ዓመት ቆሞ የተማረው ነገር በሠንጠረዡ ውስጥ የሚገባው በደመወዙ መጠን ብቻ ነው። ደመወዙ ደግሞ ከአዛውንቱ ደመወዝ ጋር ሲተያይ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። እውቀቱ ግን ለአገሪቱ ከሁሉ በላይ የሚቀረው ንብረት ነበር።

ቀጥሎ ጋናዊ ኩባንያ ማለት ምን እንደሆነ ይተረጎማል። ቢያንስ 51 በመቶ አክሲዮኑ በጋና ዜጋ የተያዘ፣ ከከፍተኛ አመራሩ 80 በመቶው ጋናዊ የሆነ፣ ከአመራር ውጪ ያለው ሠራተኛ 100 በመቶ ጋናዊ የሆነ። ሲነበብ ጥብቅ ነው። ግን መቶኛ ምን ጊዜም የአንድ ነገር መቶኛ ነው። አክራ ውስጥ ባለ ሁለት ክፍል ቢሮ፣ ሥራ አስኪያጅ፣ ሒሳብ ሠራተኛ፣ ጸሐፊ፣ ሾፌርና ተላላኪ ያለው ድርጅት ሦስቱንም መስፈርት ያሟላል። አምስት ሰው ቀጥሮ መቶ በመቶ ጋናዊ ይሆናል። ከዚያ ቧንቧና ቫልቭ ከውጭ አስመጥቶ ለነዳጅ ኩባንያው ቢሸጥ፣ በድርሻ መዝገቡ ላይ ትልቅ የገንዘብ ቁጥር ያስመዘግባል። ዕቃው በእርግጥ አገር ውስጥ የተመረተ መሆኑን መለየት በመርማሪው ትከሻ ላይ ይወድቃል። መርማሪው ደግሞ የሚያየው ደረሰኝ ነው። ይህ አስመጪ ሕግ አልጣሰም፤ ለማንም ሽፋን አልሆነም፤ የድርጅቱ እውነተኛ ባለቤት ነው። እዚህ ላይ ነው የቅጣት አንቀጹ አቅም የሚያጣው። ደንቡ ሐሰተኛውን ባለቤት ሊቀጣ ተዘጋጅቷል። ሠራተኛ የማይቀጥረውን እውነተኛ ባለቤት ግን እንደ ስኬት ይቆጥረዋል።

የሥራ ቅጥሩን የሚመለከተው ሠንጠረዥ ከደንቡ ጋር ተያይዟል፤ ብዙ ሰው የሚጠቅሰውም እሱን ነው። ሲጀመር ከአመራሩ 30 በመቶ፣ ከዋናዎቹ የቴክኒክ ባለሙያዎች 20 በመቶ፣ ከሌላው ሠራተኛ 80 በመቶ ጋናዊ ይሆናል። በአምስተኛው ዓመት አመራሩና ባለሙያው ከ50 እስከ 60፣ ሌላው 90። በአሥረኛው ዓመት አመራሩና ባለሙያው ከ70 እስከ 80፣ ሌላው ሙሉ በሙሉ 100። ለዕቃና አገልግሎት ደግሞ ከ10 በመቶ ተነስቶ በአምስተኛው ዓመት 50፣ በአሥረኛው ከ60 እስከ 90። በዚህ ላይ ዝቅተኛና መካከለኛ የሥራ መደቦች፣ ፎርማንና ሱፐርቫይዘር ጭምር፣ ለጋናውያን ብቻ ናቸው ይላል።

ዝቅተኛው መደብ ለጋናዊ መሰጠቱ መልካም ነው። ግን በባሕር ላይ ያለ የነዳጅ ሥራ ስንት ሰው ያስቀምጣል? በአንዲት የማምረቻ መርከብ ላይ በአንድ ጊዜ የሚኖረው ሰው መቶ ገደማ ነው። ማብሰያ ቤቱ፣ ጽዳቱ፣ ጥበቃው፣ የአቅርቦት ጀልባው፣ ሄሊኮፕተሩ ቢጨመሩ እንኳ አንድ መካከለኛ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከሚቀጥረው ጋር የሚስተካከል ሠራዊት አይሰበሰብም። መቶ በመቶ የተባለው ቁጥር ለጆሮ ይከብዳል፤ ከኋላው ያለው ሕዝብ ግን ጥቂት ነው። ደንቡ መቶኛ ሲጽፍ ለሕዝብ የተናገረው ስለ ብዛት ይመስል ነበር፤ በታኮራዲ የቤት ኪራይ ሰማይ የነካውና ወጣቱ ከየአውራጃው የጎረፈው በዚሁ ተስፋ ነው። ለዚያ ወጣት በግልጽ መነገር የነበረበት፣ በባሕሩ ላይ ያለው ሥራ ጥቂትና ከባድ መሆኑ፣ ብዙው ሥራ ግን ከባሕሩ ውጪ፣ በብረታ ብረት ቤቱና በጋዙ ዙሪያ ሊፈጠር የሚችል መሆኑ ነበር።

የበያጁን ጉዳይ ለብቻው ላንሳ፤ በርዕሴም አስገብቼዋለሁ። ለበርና ለመስኮት ብረት የሚበይድ ሰው በጋና ሞልቷል፣ እንደኛ አገር። ከፍተኛ ግፊት ያለው ጋዝ የሚያልፍበትን ቧንቧ የሚበይድ ግን ሌላ ሰው ነው። ብየዳው በኤክስሬይ ይፈተሻል፤ ዓይን የማያየው አንዲት ቀዳዳ ቢገኝ ተቆርጦ እንደገና ይሠራል። በያጁ ለእያንዳንዱ የብረት ዓይነትና አቀማመጥ የምስክር ወረቀት ይዞ ይመጣል፣ ወረቀቱም በየጊዜው ይታደሳል። ባሕር ላይ ከመውጣቱ በፊት ከሰመጠ ሄሊኮፕተር የማምለጥ ሥልጠና ይወስዳል። ይህ ሁሉ ዓመታት ይፈጃል፣ ገንዘብም ይፈልጋል፤ ከሁሉ በላይ የሚለማመድበት እውነተኛ ሥራ ይፈልጋል። በታኮራዲ ለአካባቢው ድርጅቶች የአቅም ማጎልበቻ ማእከል በ2013 ተከፍቷል፤ በከተማዋ ፖሊቴክኒክም በጁቢሊ ስም የሚጠራ የማሠልጠኛ ማእከል ተቋቁሟል። ሁለቱም ደግ ጅምሮች ናቸው። ደንቡ ኩባንያዎችን የሥራ ቅጥርና ሥልጠና ዕቅድ አቅርቡ ይላል፣ የምርምር ዕቅድ፣ የቴክኖሎጂ ሽግግር ዕቅድም ይጠይቃል። ነገር ግን ዕቅድ አቅርቡ ማለትና ይህን ያህል በያጅ፣ ይህን ያህል የመሣሪያ ቴክኒሻን በዚህ ደረጃ አስመርቁ ማለት አንድ አይደለም። ለባለአክሲዮኑ ቁጥሩ ተቆርጦ ተሰጥቷል፤ 5፣ 10፣ 51። ለሠልጣኙ ግን የተሰጠው የዕቅድ ቅጽ ነው።

ሁልጊዜ የምትጠቀሰው ኖርዌይ እዚህ ላይ ትጠቅመናለች፤ ግን በሌላ ምክንያት። የኖርዌይ የ1972 ንጉሣዊ ድንጋጌ ከጋናው ደንብ ጋር ሲተያይ ለስላሳ ነው። የአገሬው ዕቃና አገልግሎት በዋጋ፣ በጥራትና በማስረከቢያ ጊዜ ተወዳዳሪ ሲሆን ይመረጥ ይላል፤ የ10 በመቶ የዋጋ ብልጫ አይፈቅድለትም። ነገሩ የተሳካው ስታቫንገርና አካባቢዋ አስቀድመው የመርከብ ግንበኞች አገር ስለነበሩ ነው። በ1969 የኤኮፊስክ የነዳጅ መስክ ሲገኝ የመርከብ መሥሪያዎቹ ነበሩ፣ በያጆቹም ነበሩ፣ የባሕር ኢንጂነሮቹም ነበሩ። ከ1973 በኋላ የግዙፍ ነዳጅ ጫኝ መርከቦች ገበያ ሲወድቅ እነዚያው መሥሪያዎች ፊታቸውን ወደ ባሕር ላይ መድረኮች አዞሩ። ለኤኮፊስክ የተሠራው ታላቁ የኮንክሪት ማከማቻ በ1973 የወጣው ከስታቫንገር ነው። እንግዲህ ኖርዌይ ለስላሳ ሕግና ጠንካራ እጅ ነበራት። ጋና ሕጉን አጠንክራ እጁን ቀጥሎ ይመጣል ብላ አሰበች። በናይጄሪያ የ2010 ሕግ ላይም ይኸው እምነት አለ፤ የጋናው ደንብ ብዙ ነገሩን ከዚያ ወስዷል። እኔ ይህን እምነት አልጋራም። ድርሻን ማዘዝ ባለድርሻ ይፈጥራል፤ ሙያተኛን የሚፈጥረው ግን ትምህርት ቤትና ሥራ ሲገናኙ ነው፣ ይህም ከቁፋሮው አሥር ዓመት ቀድሞ መጀመር ነበረበት።

የሰዓቱንም ጉዳይ መመዝገብ ተገቢ ነው። የአሥር ዓመቱ መለኪያ ለነባሮቹ ኩባንያዎች መቁጠር በጀመረበት በዚያው 2014 የነዳጅ ዋጋ ወደቀ። ከ110 ዶላር በላይ የነበረው በርሜል በ2016 መጀመሪያ ከ30 በታች ወረደ። በ2015 ደግሞ ከኮት ዲቯር ጋር በነበረው የባሕር ወሰን ክርክር ምክንያት ዓለም አቀፉ የባሕር ሕግ ፍርድ ቤት በአከራካሪው ውሃ ላይ አዲስ ቁፋሮ እንዳይካሄድ አዘዘ። ፍርዱ ለጋና የቀናው በሴፕቴምበር 2017 ነው። ቁፋሮ በቆመበት ወራት የመጀመሪያውን ብትር የሚቀበሉት አዲሶቹ ትናንሽ የአገር ውስጥ ድርጅቶችና አዲስ ተቀጣሪዎች ናቸው። ደንቡ የሚያውቀው የዓመት ቁጥርን ነው። ሥራ ሲቀዘቅዝ ሠልጣኙ የት እንደሚውል፣ የተጀመረው ተለማማጅነት በምን እንደሚቀጥል አንድ አንቀጽ የለውም። የነዳጅ ዋጋ ወጥቶ የሚወርድ መሆኑ ደግሞ በ2013 የታወቀ ነገር ነበር። ምርቱም ለዘላለም እየጨመረ አልሄደም፤ በ2019 ከ71 ሚሊዮን በርሜል በላይ ደርሶ በ2023 ወደ 48 ሚሊዮን ዝቅ ብሏል። በአሥረኛው ዓመት ከ70 እስከ 80 በመቶ የተባለው ድርሻ እየጠበበ ከሚሄድ ማእድ የሚቆረስ ሆነ።

ጋዙ ላይ ስደርስ የደንቡ ትልቁ ያልተጻፈ ምዕራፍ ይታየኛል። ደንቡ ነዳጅ ሲል ድፍድፉንም ጋዙንም በአንድ ስም ይጠራል፣ በአንድ ሠንጠረዥም ይለካል። ለሥራ ፈጠራ ግን ሁለቱ የተለያየ ጠባይ አላቸው። ድፍድፉ ከመርከብ ወደ መርከብ ተቀድቶ፣ የጋናን ምድር ሳይረግጥ ወደ ዓለም ገበያ ይሄዳል። ጋዙ እንዲህ አይሆንለትም። ለማቀዝቀዝና በመርከብ ለመጫን ቢሊዮኖች የሚፈጅ ተቋም ከሌለ በቧንቧ ወደ ምድር መምጣት አለበት፤ ምድር ላይ ማጣሪያ፣ ቧንቧ፣ ኃይል ማመንጫ፣ ጥገና ይፈልጋል። በ2014 መጨረሻ ሥራ የጀመረው የአቱዋቦ ጋዝ ማጣሪያ በቀን 150 ሚሊዮን ኪዩቢክ ጫማ የሚይዝ ነው። ከዚያ የተነሳው ጋዝ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በየብስ ተጉዞ አቦአድዜ ያለውን የኃይል ማመንጫ ይመግባል። የቻይናው ሲኖፔክ ሠራው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የማሽከርከሩን ሥራ ጋናውያን ኢንጂነሮች ተረከቡ። ይህ ርክክብ በደንቡ ሠንጠረዥ ከተጻፈው የትኛውም መቶኛ ይልቅ ለእኔ ትርጉም አለው። ሥራው ምድር ላይ ነው፣ ቋሚ ነው፣ ባለቤቱ የሕዝብ ድርጅት ነው፤ ወጣቱ ሌሊት ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ከዚህም በላይ፣ በዚያ ጋዝ የሚመነጨው መብራት የልብስ ሰፊውን፣ የዳቦ ጋጋሪውን፣ የብረታ ብረት ቤቱን ሥራ ያቆያል። ደንቡ በጸደቀበት ዘመን ጋናውያን ዱምሶር በሚሉት የመብራት መቆራረጥ ይማቅቁ ነበር፤ ስንት አነስተኛ ድርጅት በጄኔሬተር ወጪ ተዘግቷል። ያን ዘመን ያለፈ ሰው የባሕር ጋዝ ለአገር የሚሰጠው ትልቁ የሥራ ዕድል በመርከቧ ላይ እንዳልሆነ ያውቀዋል። እርግጥ መንግሥት በዚህም በኩል ተሰናክሏል። ከሳንኮፋ መስክ በ2018 መምጣት የጀመረው ጋዝ ብትጠቀምበትም ባትጠቀምበትም ክፈል በሚል ውል የታሰረ ነበር፤ ጋዙን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ፣ ፋብሪካውና ከተማው ወዳለበት ወደ ቴማ የሚወስደው መስመር ግን በጊዜው አልተዘጋጀም። ለባለአክሲዮኑ አምስት በመቶ የተጨነቀ መንግሥት ለቧንቧው የግንባታ ሰሌዳ እንዲሁ ተጨንቆ ቢሆን ኖሮ ስንት ፋብሪካ በተጠቀመ! የአገር ውስጥ ድርሻ ደንብ ስለ ጋዝ የተለየ ክፍል ቢኖረው፣ ምን ያህሉ ጋዝ ለአገር ውስጥ ኢንዱስትሪ እንደሚቀርብና በምን ቀን እንደሚቀርብ የሚያስገድድ አንቀጽ ሊኖረው ይገባ ነበር። የእኛም የካሉብና የሂላላ ጋዝ ከባሕር ሳይሆን ከየብስ የሚወጣ ቢሆንም፣ ይህ ያልተጻፈ ክፍል ለኢትዮጵያዊ ሕግ አርቃቂ ከጋናው ደንብ ይልቅ ከጋናው ጉድለት የሚማርበት ነው።

የመጨረሻው ነጥቤ ስለ ቦታ ነው፤ እዚህ ላይ ደንቡን በጽኑ እወቅሰዋለሁ። በደንቡ ውስጥ የአገር ውስጥ የሚባለው ጋና በጠቅላላ ናት። አክራ ያለው ባለሀብትና ጆሞሮ ያለው ዓሣ አስጋሪ በእኩል ዓይን ይታያሉ። የቅጥሩ ሠንጠረዥ ለባሕር ዳር ወረዳዎቹ፣ ለጆሞሮ፣ ለኤለምበሌ፣ ለንዜማ ምሥራቅ፣ ለአሃንታ ምዕራብ፣ ለሸማ፣ የተለየ ቁጥር የለውም። አገራዊ አንድነትን መጠበቅ ተገቢ ነው የሚል መልስ ሊሰጠኝ ይችላል፤ መልሱን አከብራለሁ። ነገር ግን ጉዳቱ በእኩል አልተከፋፈለም። በማምረቻ መርከቦቹ ዙሪያ 500 ሜትር ድረስ ጀልባ አይገባም። የመርከቦቹ መብራት ሌሊት ዓሣውን ይስባል፤ ዓሣ አስጋሪው ዓሣው ያለበትን ያያል፣ ሊጠጋ ግን አይችልም። ተጠግቶ በባሕር ኃይል የተያዘም፣ መረቡን ያጣም አለ። ይህ ሰው የሚያጣው ገቢ በገንዘብ ሊለካ የሚችል ነው፤ ደንቡ ግን በዚያ በሚወደው መለኪያ እንኳ አልለካውም። ደንቡ ሲወጣ የኢነርጂና የነዳጅ ሚኒስትር የነበሩት ኢማኑኤል አርማ ኮፊ ቡዋ የኤለምበሌ የፓርላማ ተወካይ ነበሩ። አቱዋቦም፣ የሳንኮፋ ጋዝ ወደ ምድር የሚወጣባት ሳንዙሌም የሚገኙት በዚያው በኤለምበሌ ነው። ችግሩን የማያውቅ ሰው ጻፈው ማለት አይቻልም።

የምዕራብ ክልል አለቆች በ2010 ከነዳጁ ገቢ 10 በመቶው ለክልላቸው እንዲመደብ ጠይቀው ነበር። ፓርላማው አልተቀበለውም፤ የ2011 የገቢ አስተዳደር ሕግ ገንዘቡን ለበጀት፣ ለማረጋጊያና ለመጪው ትውልድ ፈንዶች አከፋፈለ። ገቢን ለአንድ ክልል ቆርሶ አለመስጠቱን ልቀበል እችላለሁ። ግን ገቢው ካልተሰጠ ቢያንስ ሥራውና ሥልጠናው በቅድሚያ ሊሰጥ ይገባ ነበር፤ የዚያ ትክክለኛ ቦታ ደግሞ ይህ ደንብ ነበር። ደንቡ በጸደቀበት በ2013 በታንዛኒያ ምቱዋራ ሕዝቡ ጋዛችን በቧንቧ ወደ ዳሬሰላም ተወስዶ ለእኛ ምን ይቀራል ብሎ አደባባይ ወጣ፤ ሰው ሞተ፣ ቤት ተቃጠለ። የጋና ባሕር ዳር ሕዝብ ታግሦ በሕግ አግባብ መጠየቁ ጥያቄውን ሊያስረሳ አይገባም።

ደንቡ በ2021 ተሻሽሏል። ማሻሻያው ትኩረቱ እንደገና በድርጅቶች ጥምረት ላይ ነው፤ ከጋራ ድርጅት ሌላ የውጭ ኩባንያና የአገሬው ኩባንያ አብረው የሚሠሩባቸውን መንገዶች አስፍቷል። ለትናንሽ ድርጅቶች የሚያመቹ መንገዶች ናቸው፣ አልነቅፋቸውም። ነገር ግን ስምንት ዓመት ቆይቶ የተከፈተ ደንብ አሁንም የኩባንያዎችን ጋብቻ ብቻ ሲያስተካክል ማየት ያሳዝነኛል። አሥረኛው ዓመት በፌብሩዋሪ 2024 ሞልቷል። ቀጣዩ ማሻሻያ ለመቶኛው ጎን የሰው ቁጥር ያስገባ፤ ኩባንያው በዓመት ስንት የቧንቧ በያጅ፣ ስንት የመሣሪያ ቴክኒሻን፣ ስንት የቁፋሮ ኢንጂነር እንዳስመረቀና ከመካከላቸው ስንቱ ከባሕር ዳር ወረዳዎቹ እንደመጡ በስም ዝርዝር ለኮሚሽኑ ያቅርብ፤ ይህን ያላሟላ ኩባንያ የሚቀጣው ለሽፋን ድርጅት በተመደበው በዚያው 250,000 የቅጣት ክፍል ይሁን። በ500 ሜትሩ ክልል ምክንያት የተዘጋው የዓሣ ማስገሪያ ውሃ ደግሞ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት ተገምቶ፣ የካሣው መጠንና የሚከፈልበት ቀን በነዳጅ ውሉ ላይ ይጻፍ።